እናቴ በሞተች በሁለት ወሯ ዘፈን ስሰማ ተያዝኩ፤ አጥፍቻለሁ?

የጉለሌዋ
መስከረም 20፣ ማታ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ከዓመት በላይ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ የምጽፈው የምናገርበት ሌላ ቦታ ስላጣሁ ነው።

እናቴ ያረፈችው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። አርባዋ የወጣው ለዘመን መለወጫ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ አልተከፈተም፤ ቴሌቪዥኑም ነጠላ እንደለበሰ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኛ ጋር ናት፣ ሥርዓቱን የያዘችው እሷ ናት። እንቁጣጣሽ ዕለት የሰፈር ልጆች አበባየሆሽ ሊሉ በር ላይ ደረሱ። ከበሮዋ ሁለቴ እንኳ ሳትመታ አክስቴ ወጥታ "ለቅሶ ቤት ነው ልጆቼ" አለቻቸውና ሃምሳ ብር አስይዛ መለሰቻቸው። አንዷ ሕፃን የያዘችውን እንግጫ የት እንደምታደርገው ጠፍቷት አጥሩ ላይ ሰክታው ስትሄድ በመስኮት አየኋት። እስካሁን እዚያው ደርቆ አለ።

እኔ ግን ከአርባው በኋላ ሥራ ስጀምር ታክሲ ውስጥ ኤርፎን ሰክቼ መስማት ጀመርኩ። የጭፈራ አይደለም። እናቴ ቡና ስትቆላ የምታንጎራጉራቸው የድሮ ትዝታና አምባሰል ናቸው። ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ እስክደርስ መስኮቱ ላይ ተደግፌ አለቅሳለሁ፤ ስወርድ ፊቴን በሶፍት ጠራርጌ ቢሮ እገባለሁ። ቀኑን ሙሉ እንደ ሰው የምውለው በዚያች መንገድ ነው። ባለፈው ማክሰኞ የአጎቴ ልጅ ከኋላዬ ተቀምጣ ኖሮ ስልኬ ላይ የሚጫወተውን አይታለች። ማታ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። አክስቴ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አፈሩ ገና አልደረቀም እኮ" አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ግን እንቅልፌም ሄደ። አጥፍቻለሁ?


ሚጥሚጣ
መስከረም 20፣ ማታ 3፡52

ነፍስ ይማር እህቴ። የአጎትሽን ልጅ ታክሲ ውስጥ ሰው ስልክ ምን እንዳስመለከታት ጠይቂልኝ። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።


ወሎዬው
መስከረም 20፣ ማታ 4፡30

ልጄ፣ ያጽናሽ። ስድሳን ተሻግሬያለሁ፣ የደሴ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝም።

ለቅሶ ቤት ዘፈን የለም የሚለው እውነት ነው። ዜማ የለም ግን ማንም ብሎ አያውቅም። እኔ ባደግሁበት አገር ለቅሶ ላይ አልቃሽ ትጠራ ነበር። ሙሾ ታወርዳለች። ሴትዮዋ የሟቹን ሙያ፣ የቤቱን ገበና፣ የቀሩትን ልጆች ስም ጭምር አጥንታ ነው የምትመጣው። በግጥም አንድ ባንድ ታነሣዋለች፣ ዙሪያዋን ያሉት ደረታቸውን እየደቁ ይቀበሏታል። ሥራዋ ያላለቀሰውን ማስለቀስ ነው። ሲያዩት ጭካኔ ይመስላል።

እናቴ ስትሞት 23 ዓመቴ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እንባ እምቢ አለኝ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ እኔ ወንበር እቆጥራለሁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት አልቃሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ቆመችና እንዲህ አለች፦

ጀበናው ተጥዶ ቡናው ፈላ ደርሶ፣
እንግዲህ ማን ይቅዳው የናት ቤት ፈራርሶ።

አለቀ። ከዚያ በኋላ ወንድሞቼ ናቸው ይዘው ያስቀመጡኝ። እናቴ መሞቷ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሬሳዋን አጥቤ፣ አፈር አልብሼ ያልገባኝ ነገር በሁለት ስንኝ ገባኝ።

አሁን ከተማው ሙሾውን ተወው። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ደረት መድቃቱን አትወድም፣ እሱን አልከራከርም። ድንኳኑ አለ፣ ንፍሮው አለ፣ የታሸገ ውኃው አለ፣ አልቃሿ የለችም። ዝምታውን ብቻ ይዘን ዝምታውን የሚያስችለውን ጣልነው። አንቺ ታክሲ ውስጥ ያደረግሽው ሙሾሽን በኤርፎን ማውረድ ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

ደግሞ ምርጫሽን ተመልከቺ። ትዝታ የቅኝቱም፣ የዘፈኑም፣ የስሜቱም ስም ነው። ሦስቱን በአንድ ቃል የጠራው ሕዝብ ዝም ብሎ አልጠራውም። አምባሰልና ባቲ ደግሞ የአገር ስሞች ናቸው፣ ሁለቱም የእኛ ናቸው፣ ኩራቴን ይቅር በሉኝ። አንቺሆዬን ጨምረሽ አራቱም በአምስት አምስት ድምፅ ብቻ የቆሙ ናቸው። በአምስት ድምፅ ይህን ሁሉ ማልቀስ ተችሏል።


ሚጥሚጣ
መስከረም 20፣ ማታ 4፡41

ወሎዬዎች ርዕሱን ወሎ ሳታደርሱት አትተኙም። ግን ስንኙ ገደለኝ፣ ጋሼ።


ቃሉ ይበቃል
መስከረም 20፣ ማታ 5፡15

እህቴ ጌታ ያጽናናሽ። ነገር ግን እውነቱን መሸፈን አይገባም። ገላትያ 5፡21 "ዘፋኝነት"ን ከመግደልና ከስካር ጋር ነው የቆጠረው። ኀዘንን በዘፈን መርሳት በመጠጥ እንደ መርሳት ነው። መጽናናት ከላይ ነው። መዝሙር ስሚ፣ ቃሉን አንብቢ።


የጉለሌዋ
መስከረም 20፣ ማታ 5፡22

ወንድሜ አመሰግናለሁ። ግን ለመርሳት አልነበረም የምሰማው። ተቃራኒው ነው።


በአሥር አውታር
መስከረም 21፣ ጠዋት 1፡05

ዲያቆን ነኝ፣ በገናም እማራለሁ። በወንድማችን ላይ ለመነሣት ሳይሆን ጥቅሱ በተጠቀሰ ቁጥር የሚቀር ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። እዚያ ቦታ ላይ "ዘፋኝነት" ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል ሰክሮ ሌሊት መጨፈርን፣ ፈንጠዝያን የሚል ነው። ከስካር ቀጥሎ የተቀመጠውም ለዚህ ነው። ይህን ስል አባቶቻችን ዘፈን ፈቅደዋል ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ አይፈቅዱም፣ የንስሐ አባት ካለሽ እሳቸውን መጠየቅ ይሻላል። የእናቷን ትዝታ ታክሲ ውስጥ ሰምታ ያለቀሰችን ልጅ ግን ከነፍሰ ገዳይ ጎን ማሰለፍ ትርጉሙን ማጣመም ነው።

ስለ ዝምታው አንድ ልጨምር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ። ድምፃቸው እስከ ትንሣኤ አይሰማም። ማሕሌቱ ግን አይዘጋም፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ይዘማል። ዝም የሚለው ከበሮው ነው፣ ዜማው አይደለም። አክስትሽ አበባየሆሹን መመለሷ ትክክል ነበር፣ የከበሮ ጊዜ አይደለምና። አንቺም ከበሮ አልፈለግሽም።

ካስቻለሽ ማታ ማታ በገና ስሚ። ሳኦል መንፈሱ ሲታወክ ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው እንደነበር መጀመሪያ ሳሙኤል 16 ላይ አለ። በገና ከሌላው የሚለየው ድምፁ ስለሚነዝር ነው። እያንዳንዱ ክር ክሮቹን ከሚሸከመው ብርኩማ ጋር በሚነካካበት ቦታ እንዝራ የምንላት ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ክሩ ሲመታ እሷን እየነካ ንብ ቀፎ ውስጥ እንዳለች ያለ ድምፅ ይሰጣል። እንዝራዋ በፀጉር ስፋት ከተንቀሳቀሰች ድምፁ ይሞታል። መምህሬ የመጀመሪያውን ወር መደርደር አላስተማሩኝም፤ እንዝራ ማስተካከል ብቻ። ሳጥኑ ደረትሽን ተደግፎ ሲነዝር አጥንትሽ ውስጥ ይሰማሻል። ኀዘንተኛ ሰው ሲደረደርለት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚረጋው ትንፋሹ ነው፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።


ሚጥሚጣ
መስከረም 21፣ ጠዋት 2፡10

ዲያቆን፣ ስምንት ክር አይደለም እንዴ በገና? ስምህን አስተካክል።


በአሥር አውታር
መስከረም 21፣ ጠዋት 2፡14

አሥር ነው። ብዙ ጊዜ የሚመቱት አምስት ወይም ስድስቱ ናቸው፣ የቀሩት ጣት ማሳረፊያ ይሆናሉ። የቆጠርከው በመስኮት በኩል ሳይሆን አይቀርም።


አንድ ጆሮ
መስከረም 21፣ ጠዋት 4፡00

ሪያድ ነው ያለሁት፣ የሰው ቤት። ሰባት ዓመቴ። አማርኛ የምጽፈው ሌሊት ብቻ ነው፣ ዛሬ ግን ቤተሰቡ ወጥቷል።

የአባቴን መርዶ የሰማሁት በኢሞ ነው። አገር ቤት ቢሆን ንጋት ላይ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በር ተንኳክቶ፣ ሰው ይዞሽ ነበር የሚነገርሽ። እኔ ልብስ እየተኮስኩ ነበር። ወንድሜ በድምፅ ነው የላከልኝ፣ አርባ ሰከንድ። ካውያውን አቆምኩት፣ አዳመጥኩት፣ መልሼ አነሣሁት። የማዳም ልጅ ሸሚዙን ለትምህርት ቤት ይፈልገዋል።

የዚህ ቤት ሰዎች ክፉ አይደሉም፣ ግን ማልቀስ አልቻልኩም። ባለቅስ ምን ሆንሽ ይሉኛል፣ በዐረብኛዬ ደግሞ አባቴን መግለጽ አልችልም። "አባቴ ሞተ" ማለት እችላለሁ። አባቴ ማን እንደነበር ማለት አልችልም።

እኛ የከሚሴ ሰዎች ነን። አባቴ የመንዙማ ሰው ነበር። ሐድራ ላይ ድቤው ሲመታ አንገቱን እንዴት እንደሚያወዛውዝ አሁንም ይታየኛል። ስለዚህ ስልኬ ላይ መንዙማ ጫንኩ። አንድ ጆሮ ኤርፎን፣ አንዱን ለማዳም ጥሪ ክፍት ተውኩት። ስሜም ከዚያ የመጣ ነው። ዕቃ እያጠብኩ እሰማለሁ፣ ውኃው ስለሚጮህ ማንም አይለይም፣ ፊቴም እርጥብ ነው። አርባ ቀን እንደዚያ አጠብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የጠራ ብርጭቆ አጥቤ አላውቅም።

የጉለሌዋ፣ አንቺ አክስት አለሽ፣ ድንኳን ነበረሽ። እኔ የነበረኝ እሱ ነው። ጥፋት ከሆነ የኔም ይቆጠር።


ወሎዬው
መስከረም 21፣ ጠዋት 4፡18

የከሚሴዋ ልጄ፣ አላህ ይዘንለት። ሌላ ቃል የለኝም።


የዲሲው ባለታክሲ
መስከረም 21፣ ከሰዓት 8፡30

እኔ ደግሞ ሌላውን ወገን ላምጣ። ወንድሜ ሲሞት ትዝታ መስማት አልቻልኩም። ሦስት ዓመት። ሲጀምር ሬዲዮውን እዘጋዋለሁ፣ ተሳፋሪ ቢኖርም ባይኖርም። ቃሉ ነበር የሚያርደኝ። የሚዘፍነው ሰው ሁሉ ስለ ወንድሜ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ሰው በአሳዛኝ ዘፈን ይድናል የምትሉ ቀስ በሉ።

እኔን ያወጣኝ ቃል የሌለው ሙዚቃ ነው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ። ዛሬ ግሸን ማርያም ናት፣ ስለዚህ የሳቸውን ታሪክ ማንሣት ደስ ይለኛል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፣ በ1916 አዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ጣልያን ሲገባ ከቤተሰባቸው ጋር አሲናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ጠበቅ ያለ ትምህርት ተማሩ፣ ለንደን የመማር ዕድል አገኙና መሄጃው ተከለከለባቸው። ያ ነገር ሰበራቸው፣ እህል እስከ መተው ደረሱ። ከዚያ ቆባቸውን ደፍተው ግሸን ወጡ። ጫማ የለም፣ ፒያኖ የለም፣ አሥር ዓመት።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምቆመው። ሙዚቃ እየሰሙ ነው ያለፉት ቢባል ደስ ይለን ነበር። አይደለም፤ አሥር ዓመት ዝም ብለው ነው ያለፉት። ከዚያ ወርደው ተመለሱበት። በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያውን ሸክላቸውን አሳተሙ፣ ገቢው ለድኾች ልጆች ነበር። ኋላ ኢየሩሳሌም ባለው ገዳማችን ኖሩ፣ ዓለም በደንብ ያወቃቸው ሰማንያን አልፈው "ኢትዮፒክስ" የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ 21ኛው ቅጽ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ነው። በ99 ዓመታቸው፣ መጋቢት 2015 ላይ አረፉ።

ሌሊት ድልድዩን ስሻገር እሳቸውን ነበር የምሰማው። ግራ እጃቸው እንደ ሰዓት ይሄዳል፣ ቀኝ እጃቸው ይዘገያል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያንም አለበት፣ ትዝታም አለበት፣ ሞዛርትም የሆነ ቦታ ተቀምጧል። ማንም ምንም አይልሽም። ወንድሜን ሳያነሡብኝ ከወንድሜ ጋር ያስቀምጡኝ ነበር።


ተረኛ ነርስ
መስከረም 21፣ ማታ 2፡00

የአእምሮ ጤና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሁለት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ አሳዛኝ ሙዚቃ ለምን ደስ እንደሚል ሰዎች አጥንተውታል። በ2014 እ.ኤ.አ. በርሊን ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች 772 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። አሳዛኝ ሙዚቃ ሲሰሙ ብዙ ጊዜ የሚሰማቸው ስሜት ምን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ኀዘን አይደለም። ናፍቆት ነው፣ የኋላን ማስታወስ። እኛ ትዝታ ብለን የጨረስነውን ነገር ማለት ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ካናዳ፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ ሰው በሚወደው ሙዚቃ ሰውነቱ ውርር ሲለው አንጎሉ ዶፓሚን እንደሚለቅ በምስል አሳይተዋል፤ ምግብ ሲያምረንና ስንበላ የሚለቀቀው ያው ነው። የጉለሌዋ "እንደ ሰው የምውለው በዚያች መንገድ ነው" ያለችው ቅዠት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ባለታክሲው ያለው እውነት ነው፣ ለሁሉም አይሠራም። ድባቴ ውስጥ የገባ ሰው አሳዛኝ ዘፈን እየደጋገመ ሲሰማ ሐሳቡ እዚያው ይሽከረከራል፣ ጉድጓዱ ይጠልቃል። እኔ ታካሚዎችን ዘፈኑ ምን ዓይነት እንደሆነ አልጠይቅም። ሲያልቅ ምን ታደርጋለህ እላለሁ። ተነሥቶ ፊቱን የሚታጠብ አለ፣ እንደገና ከመጀመሪያው የሚያስጀምር አለ። አንቺ ፊትሽን ጠርገሽ ቢሮ ትገቢ ነበር። አሁን ካቆምሽ በኋላ ነው እንቅልፍ ያጣሽው። ይሄ ራሱ መልስ ነው። ግን እንቅልፍ ማጣቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ምግብም ካስጠላሽ፣ ወይ መኖር ከከበደሽ፣ መድረክ ላይ አትጠይቂን፣ ሐኪም ጋ ሂጂ።


ጊዮን ማዶ
መስከረም 22፣ ጠዋት 3፡25

ከርዕሱ ትንሽ ብወጣም ይቅርታ። አባቴን ስትሮክ የመታው ካቻምና ነው፣ ግራ አንጎሉን። ቋንቋው ሄደ። "ውኃ" ማለት አቅቶት ብርጭቆ ያሳያል፣ የኔን ስም ለማለት ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ አይወጣም። አንድ ቀን ጎረቤት የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ከፍ አድርጎ ከፈተ። አባቴ ሶፋው ላይ እንዳለ ዓይኑን ከድኖ አብሮ መዝፈን ጀመረ። ከነቃሉ! ስንኝ ሳይዘል፣ እስከ መጨረሻው። እናቴ ድስቱን ጥላ መጣች። ዘፈኑ ሲያልቅ "አባዬ ውኃ ልስጥህ?" አልኩት፤ አፉን ከፈተ፣ ምንም የለም።

በኋላ ሐኪም ስንጠይቅ ይሄ የታወቀ ነገር ነው አሉን። መናገር የጠፋው ሰው መዝፈን ሊቀርለት ይችላል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ላይ የተመሠረተ ሕክምና አለ፤ ቃሉን በሁለት ድምፅ፣ ከፍና ዝቅ እያደረግሽ በዜማ ታወጪዋለሽ፣ ግራ እጁን በእያንዳንዱ ክፍል ትመቺለታለሽ። ከአራት ወር በኋላ አባቴ "ውኃ ስጪኝ" አለ። እየዘፈነ ነው ያለው። እስካሁን ውኃ የሚጠይቀን በዜማ ነው፣ እኛም በዜማ እንመልሳለን፣ እንግዳ ሲመጣ ቤቱ ኦፔራ ይመስላል።


ሚጥሚጣ
መስከረም 22፣ ጠዋት 3፡40

እኔ ልቀልድ ነበር የመጣሁት በዚህ ክር። ተውኩት።


የቡና ሰዓት
መስከረም 22፣ ከሰዓት 10፡10

ልጆች፣ ሁላችሁም ለልጅቷ ፈረዳችሁ። ስለ አክስቲቱ አንድ ሰው እንኳ አልጻፈም።

እኔ ባሌን የቀበርኩ ሴት ነኝ። ያኔ ጎረቤቴ ሴት ልጇን ልትድር ቀን ቆርጣ ነበር። ምንም አላለችኝም። የሰርጉ ዕለት ከቤቷ ድምፅ የለም። ለካ ድምፅ ማጉያውን፣ ዘፋኙን፣ ሁሉን ይዛ ዘመዷ ግቢ ሄዳለች። ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ሲወስዱ እንኳ መኪናው በእኛ በር ሲያልፍ ጥሩምባ አልነፋም። የታጠፈው ጥግ ጋ ሲደርስ ነው የነፋው፣ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ለባሌ ራሱ አላለቀስኩለትም። ሰፈሩ ሁሉ ዝም ሲልልሽ፣ ይሄ ሰው ሰው ነበር ማለታቸው ነው። ዝምታ ዕቃ ነው ልጄ፣ ሰው ገዝቶ አምጥቶ የሚሰጥሽ።

አክስትሽ የሞተችባት እህቷ ናት። አንቺን አጽናኑ ተብላ ደብረ ብርሃንን ጥላ መጥታ የሰው እንጀራ ትጋግራለች። እሷን ማን አጽናናት? በልጅነታቸው አብረው ምን ያንጎራጉሩ እንደነበር ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ያ ታክሲ ውስጥ የምትሰሚው ዘፈን እናትሽ ከማን የተማረችው ይመስልሻል?

ኤርፎንሽን አድርጊ፣ አልከለክልሽም። ግን ቤት ስትገቢ አውጪውና አጠገቧ ተቀመጪ።


የጉለሌዋ
መስከረም 22፣ ማታ 4፡05

እማማ፣ ይህን ሦስቴ አነበብኩት። አላሰብኩትም ነበር። እውነት አላሰብኩትም።


ቃሉ ይበቃል
መስከረም 23፣ ጠዋት 1፡30

እኔም ቃሌ ከብዶ ከሆነ ይቅርታ። አባቴ ሲቀበር የዘመርነውን መዝሙር እስካሁን ሳላለቅስ መጨረስ አልችልም። አቋሜ አልተለወጠም፣ ግን ከማልቀስ ልከልክልሽ አልነበረም ሐሳቤ።


የጉለሌዋ
ጥቅምት 11፣ ማታ 3፡15

ይህን ክር ማንሣቴ ይቅርታ። ሰማንያዋ ባለፈው ሳምንት ወጣ፣ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት አክስቴ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። እኔ ልብስ ላወርድ ስወጣ ድምፅ ሰማሁ። ታንጎራጉራለች። አፏ አይከፈትም፣ በአፍንጫዋ ነው። ጣቶቿ ጠጠሩን እያነሡ ከሰፌዱ ዳር በሚጥሉበት ልክ ዜማውም ይወርዳል። እናቴ ቡና ስትቆላ የምትለው ዜማ ነው፣ እሷ ግን አንድ ቦታ ላይ ታጠፈዋለች፣ እናቴ የማትታጠፍበት ቦታ።

የቆምኩበት ልብስ ማስጫ ተንጫረረና ዞር አለች። ዝም አለች።

"ቀጥይ እንጂ እትዬ" አልኳት።

"ምኑን?"

"የምትዪውን።"

"ምንም አላልኩም።" ትንሽ ምስር ለቀመች። "እሷ መጨረሻውን ታበላሸው ነበር። ብነግራት፣ ብነግራት አልሰማ አለች።"

ከዚያ ስለ እናቴ ነገረችኝ፣ እስኪመሽ። ሁለቱ ውኃ ሲቀዱ ከወንዝ እስከ ቤት የሚያንጎራጉሩትን፣ አባታቸው ከማሳ ሆኖ በድምፃቸው የት እንደደረሱ እንደሚያውቅ። የደርግ ጊዜ አዲስ አበባ መጥታ እናቴ ጋ ስትከርም በሰዓት እላፊው ምክንያት በር ዘግተው፣ ድምፁን ቀንሰው ቴፕ ሲሰሙ እንደሚያመሹ። ስለ ታክሲው ያነሣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። "እንደሱ ከሆነ ለብቻሽ አትስሚው" አለችኝ። ሌላ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን ጥያቄ አለኝ፣ በተለይ ለዲሲው ጋሼ። አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ የእናቴ ካሴቶች አሉ፣ አሥራ አራት ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ አልተነኩም። አክስቴ ሙት ዓመቱ ሲወጣ አብረን እንሰማቸዋለን ብላለች። ከዚያ በፊት ቴፕ ውስጥ አይገቡም። እስከዚያው እንዳይበላሹ ምን ላድርግ?


የዲሲው ባለታክሲ
ጥቅምት 12፣ ጠዋት 2፡50

ይሄ የኔ ሥራ ነው። መጀመሪያ ከአልጋ ሥር አውጫቸው፣ እርጥበት ጠላታቸው ነው። ግን ፀሐይ ላይም አታድርጊያቸው። ከድምፅ ማጉያ ራቅ አድርጊ፣ ማግኔት አለው። በቁም፣ እንደ መጽሐፍ ደርድሪያቸው።

ሪባኑ ብዙ ዓመት ስለተቀመጠ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። እንዲሁ ቴፕ ውስጥ ከከተትሽው ቴፑ ይበላዋል። ስለዚህ ቢክ እስክርቢቶ በቀዳዳው አስገቢና ቀስ ብለሽ እስከ መጨረሻው አዙሪው፣ ከዚያ መልሺው። እምቢ ካለ አታስገድጂው፣ ጠርዙን መዳፍሽ ላይ መታ መታ አድርጊው። ነጭ ሻጋታ ካየሽበት ለብቻው አስቀምጪው፣ ሌላውን ይበክላል። ሐምሌ ሲደርስ ደግሞ ቴፑን አስቀድመሽ የሚያነበውን ብረት በጥጥና በአልኮል ጥረጊው፣ የላስቲኩን ጎማ ጭምር። መጀመሪያ የማትሳሺለትን ካሴት ሞክሪበት። ደህና ከሆነ ነው የሷን የምታስገቢው። የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ስልክሽን አጠገቡ አድርገሽ ቅጂው፣ ሁለተኛ ላይጫወት ይችላል።


የጉለሌዋ
ጥቅምት 12፣ ማታ 2፡20

ቢኩን ይዤ አንዱን ማዞር ጀምሬ ነበር። አክስቴ አየችኝና "እንደሱ አይደለም፣ ትቆርጪዋለሽ" ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። አሁን አምስተኛው ላይ ናት።